«ጭከና» የሚለውን ቃል እዘል የነበርኩባቸው ዓመታት

ለብዙ ዓመት የማላነበው ጥቅስ ነበረኝ። ሮሜ ምዕራፍ 11 ላይ ስደርስ ከቁጥር 21 ዘልዬ ወደ 25 እሻገር ነበር። መሃሉ ላይ፣ ቁጥር 22፣ «እንግዲህ የእግዚአብሔርን ቸርነትና ጭከና ተመልከት» የሚል አለ። ቸርነቱን ባይ ደስ ይለኛል። ጭከናውን ግን አንዴ ያየሁት መስሎኝ ነበር። ድጋሚ ማየት አልፈለግኩም።

ይህን የምጽፈው በዚህ ቃል የቆሰለ ሌላ ሰው ቢያነበው ብዬ ነው። የነገረ መለኮት ምሁር አይደለሁም። የደረሰብኝን፣ ያነበብኩትንና የረዳኝን ነው የምነግራችሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ያጣሁት በእርግዝናዬ በአምስተኛው ወር ነው። ሐኪሟ አልትራሳውንድ በምታነሳኝ ቁጥር ስክሪኑን ወደ እኔ ታዞርልኝ ነበር። ያን ቀን ወደ ራሷ አዞረችው። ገና ምንም ሳትናገር ገባኝ። ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት እያየሁ፣ «በቃ፣ አሁን አትናገሪ፣ ትንሽ ቆዪ» እያልኩ በልቤ እለምናት ነበር።

ታናሽ እህቴ አብራኝ ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ጸጉሬን በጣቶቿ ስትፈታ አደረች። ላብና እንባ አቆራኝቶት ነበር። የተወሳሰበ ክር እንደሚፈታ ሰው፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ። አልሰበከችኝም። «ለበጎ ነው» አላለችኝም። ሲነጋ ብቻ «እትዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» አለችኝ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከሳምንት በኋላ ሊያጽናኑኝ ከመጡት መካከል አንዷ እጄን ይዛ፣ «እህቴ፣ እግዚአብሔር ዝም ብሎ አይመታም። እስቲ ራስሽን መርምሪ» አለችኝ። በክፋት አይደለም ያለችው። የምታምነውን ነው የነገረችኝ። እኔም መረመርኩ። ራሱን የሚመረምር ሰው ደግሞ አያጣም። በወጣትነቴ ያደረግኩት፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር። ንስሐ ገብቼበታለሁ። ይቅር ተብያለሁ ብዬም አምን ነበር። ያን ሌሊት ግን ሁለቱን አገናኘኋቸው። «አሃ፣ ለካ ለዚያ ነው» አልኩ። ያች ሐሳብ እንደ ሚስማር ገብታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ ተቀየረ። እጸልያለሁ፣ ግን እሱን ፈልጌ አይደለም። እንዳይመታኝ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሴት ልጅ ወለድኩ። ትኩሳት በያዛት ቁጥር ቴርሞሜትሩን ከማንሳቴ በፊት ኃጢአቴን እቆጥር ነበር። ትናንት ማንን ተናገርኩ? ምን ዋሸሁ? ምን ተመኘሁ? ልጄ በአልጋዋ ላይ ታለቅሳለች፣ እኔ ጥግ ላይ ተንበርክኬ ሂሳብ እሠራለሁ። እግዚአብሔርን መፍራት የጥበብ መጀመሪያ መሆኑን አውቃለሁ። ያ ግን ፈሪሃ እግዚአብሔር አልነበረም። ድንጋጤ ነበር።

ሰው እንዲህ ሆኖ ብዙ መኖር አይችልም። እኔም አልቻልኩም። ቀስ በቀስ ሌላ መንገድ ያዝኩ። መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ የሚያጽናኑትን ጥቅሶች በቢጫ ማድመቂያ ማስመር ጀመርኩ። የማነበውም እነሱን ብቻ ሆነ። «እረኛዬ ነው»፣ «ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ ወደ እኔ ኑ»፣ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው»። ያልተቀባውን እዘለዋለሁ።

ይህን ስህተት ነበር ብዬ አላጣጥለውም። እነዚያ ጥቅሶች በሕይወት አቆይተውኛል። ያኔ ሌላ ነገር የማንበብ አቅም አልነበረኝም። ጉዳቱ የመጣው ተሽሎኝም እዚያው ስቀር ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ማርሲዮን የሚባል ሰው ነበር። የብሉይ ኪዳን አምላክና የኢየሱስ አባት ሁለት የተለያዩ አማልክት ናቸው ብሎ አስተማረ። አንደኛው ቀጪ፣ ሌላው ቸር። ብሉይ ኪዳንን ሙሉ በሙሉ ጣለ። ካስቀራቸው መጻሕፍት ውስጥም፣ ማለትም ከሉቃስ ወንጌልና ከጳውሎስ 10 መልእክቶች፣ ያልተስማማውን ቆርጦ አወጣ። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ144 እ.ኤ.አ. ገደማ ከኅብረቷ ለየችው። ስለ እሱ ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ መቀስ አላነሳሁም። ቢጫ ማድመቂያው ግን ያንኑ ሥራ ሠርቶልኛል።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ።

ያች ጸጉሬን ስትፈታ ያደረችው እህቴ ከጊዜ በኋላ ሥራ ልትጀምር ፈለገችና ገንዘብ አበደርኳት። ለእኔም ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሥራው አልሆነላትም። የምትከፍልበት ቀን መጣና አለፈ። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት። ያም አለፈ። ከዚያ ስልክ አለማንሳት ጀመረች። አፍራ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ንቀት ነበር። አንድ ቀን ቤተሰብ በተሰበሰበበት፣ ሁሉም ሰው እየሰማ፣ ስለ ብድሩ ተናገርኳት። ድምፄን እንኳ አላነሳሁም። ሆን ብዬ ረጋ ብዬ ነው የተናገርኩት። ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እዘምራለሁ፣ አስራት አወጣለሁ። ነገሩ ሲቆረቁረኝ ወደ ቢጫዎቹ ጥቅሶች እሮጣለሁ። «እግዚአብሔር ቸር ነው፣ ልቤን ያውቃል» እላለሁ። ልቤን ማወቁ ሊያስጨንቀኝ ሲገባ አጽናናኝ።

አንድ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን የሮሜን መልእክት ተከፋፈለው። ለእኔ ምዕራፍ 11 ደረሰኝ። መዝለል የማይቻልበት ቦታ ላይ ወደቅኩ። ለረጅም ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንድ አባት አሉ። ወደ እሳቸው ሄድኩ። ጥቅሱን አሳየኋቸውና ሳላስበው ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጄን፣ «መርምሪ» ያለችኝን ሴት፣ የትኩሳቱን ሌሊቶች። የእህቴን ነገር ግን አላነሳሁም።

ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጭከና ስትዪ ምን ይታይሻል?»

«ሰው ሲሰቃይ እያየ የማይራራ ፊት» አልኳቸው።

«እሱ ጭካኔ ነው። እስቲ፣ ‹ጨክኜ ተነሳሁ› ስትዪስ? ‹ጨክነሽ ተማሪ› ስትባዪስ?»

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። በራሳችን ቋንቋ ጨከነ ማለት ክፉ ሆነ ማለት ብቻ አይደለም። ቆረጠ፣ አላወላወለም ማለትም ነው። ከዚያ ጳውሎስ የጻፈበትን የግሪክ ቃል ነገሩኝ። አፖቶሚያ ይባላል። መቁረጥ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጳውሎስ እዚያ ምዕራፍ ላይ የሚያወራው ስለ ወይራ ዛፍ ነው። ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ ከበረሃ ወይራ የመጣ ሌላ ቅርንጫፍ በቦታው ይገባል። ስለዚህ ቃሉ ከምሳሌው ጋር ይሄዳል። በሰው ስቃይ ስለሚደሰት ልብ አይደለም የሚያወራው። አማርኛችንም የማያወላውለውን ሰው ቆራጥ ይለዋል፣ ከመቁረጥ።

ቃሉ በአዲስ ኪዳን በስም መልኩ የሚገኘው በዚህ ጥቅስ ላይ ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ። በሌላ መልኩ ሁለት ቦታ ላይ ይመጣል። አንዱ 2ኛ ቆሮንቶስ 13፥10 ነው። ጳውሎስ እዚያ ላይ ጠንከር ብሎ መሥራት እንዳያስፈልገው ከሩቅ ሆኖ እንደሚጽፍ ይናገራል፤ ሥልጣኑም የተሰጠው ለማነጽ እንጂ ለማፍረስ እንዳልሆነ ያክልበታል። ሌላው ቲቶ 1፥13 ነው። እዚያ ደግሞ ሰዎቹን በብርቱ እንዲወቅሳቸው ቲቶን ያዘዋል፤ ዓላማው በሃይማኖት ጤናሞች እንዲሆኑ ነው። በሁለቱም ቦታ ጥንካሬው ለሰውየው ጥቅም ተቀጥሯል።

«አሁን ደግሞ» አሉኝ፣ «ይህ ጥቅስ ለማን እንደተጻፈ ፈልጊ።»

እዚያው ፊታቸው ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩ። ቁጥር 18 ላይ «አትመካባቸው» ይላል። ቁጥር 20 ላይ «የትዕቢትን ነገር አታስብ» ይላል። ጳውሎስ የሚያናግረው የተቆረጡትን ቅርንጫፎች ቁልቁል እያየ «እኔ እንድገባ ነው የተቆረጡት» የሚለውን ሰው ነው። ወድቆ መሬት ላይ ያለውን ሰው አይደለም። ቆሞ የሚኮራውን ነው። ለወደቀው ምን እንዳለውማ ቁጥር 23 ላይ አለ፤ እኔ ለዓመታት አብሬ የዘለልኩት ቁጥር። በአለማመናቸው ካልጸኑ እነሱም መልሰው ይገባሉ፤ እግዚአብሔር መልሶ ሊያስገባቸው ይችላልና። የተቆረጠ ቅርንጫፍ በተፈጥሮ ወደ ዛፉ አይመለስም። ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ጳውሎስ ግን ይህኛው አትክልተኛ መልሶ ማስገባት ይችላል ይላል።

አንድ ነገር ግን አስፈራኝ። «በቸርነቱ ጸንተህ ብትኖር» ይላል። «ታዲያ ይሄ ራሱ በሥራ መዳን አይሆንም?» አልኳቸው። ሳቁ። «በቸርነትህ አላለም እኮ። በቸርነቱ ነው ያለው። ጥሩ ሰው ሆነሽ ቆዪ አላለሽም። ከተዘረጋልሽ ቸርነት አትውጪ ነው ያለሽ።»

ከቤታቸው ስወጣ ቀለለኝ። ያ ቀን እዚያ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ማታ ግን ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለማን ነው የተጻፈው? ልጄን አጥቼ አልጋ ላይ በተኛሁበት ሌሊት ይህ ጥቅስ የእኔ አልነበረም። እሺ። እህቴን በሰው ፊት ያዋረድኩ ቀንስ?

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። መድኃኒቶቹን አቀያይሬ ስወስድ ኖሬያለሁ። በተሰበርኩ ጊዜ ለኩሩዎች የተጻፈውን በራሴ ላይ አነበብኩ። በኮራሁ ጊዜ ደግሞ ለተሰበሩት የተጻፈውን አነበብኩ። ሁለቱም ቃሎች እውነት ናቸው። ሁለቱንም የወሰድኳቸው በተሳሳተ ሰዓት ነው።

ልጄን ባጣሁ ጊዜ ማን ሉቃስ 13ን ባነበበልኝ! ሰዎች ወደ ኢየሱስ መጥተው ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ይነግሩታል። እሱ ደግሞ ሌላ አደጋ ጨመረላቸው፤ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገድሎ ነበር። እነዚያ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጠየቃቸው። መልሱንም ራሱ ሰጠ። አይደለም። ዮሐንስ 9 ላይም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው ሲሉት፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። የሌላውን ሐዘን አንሥቶ «ለዚህ ነው» ማለትን ሁለት ጊዜ ከለከለ።

ግን ሉቃስ 13 እዚያ አይቆምም። ወዲያው ወደ ጠያቂዎቹ ዞሮ፣ «ነገር ግን ንስሐ ባትገቡ» አላቸው። በሞቱት ላይ አልፈረደም። ቆመው የሚያወሩት ላይ ጠነከረ። ከዚያ ሳይለቅ የበለሷን ምሳሌ ነገራቸው። ሦስት ዓመት ፍሬ አላፈራችም። ባለቤቱ «ቁረጣት» አለ። አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን እስክኰተኩትላትና ፋንድያ እስካፈስስላት በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት አለ። ብታፈራ ደኅና፣ ያለዚያ ትቆርጣታለህ። መጥረቢያውና ፋንድያው በአንድ ምሳሌ ውስጥ ናቸው። የበለሷን መጨረሻ አልነገረንም። ዓመቱ አላለቀም።

እህቴን በተመለከተ ግን ማቴዎስ 18 ነው ያገኘኝ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እልፍ፣ ማለትም 10,000 መክሊት የንጉሥ ዕዳ ያለበት አገልጋይ ዕዳው ተማረለት። ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀው። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ነው። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ። ስለዚህ የተማረለት ዕዳ የ60 ሚሊዮን ቀን ሥራ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። የባልንጀራው ዕዳ የመቶ ቀን ሥራ ነው።

መቶ ቀን ላይ ቆምኩ። ሦስት ወር ከምናምን ነው። ትንሽ አይደለም! ኢየሱስ ዕዳው ምንም አይደለም አላለም። የእህቴም ብድር እውነተኛ ብድር ነበር፣ ጎድቶኝ ነበር። ማንም ያን አልካደብኝም። ግን እኔ ያነቅኩበት እጅ 200,000 ዓመት የተማረለት እጅ ነው።

ንጉሡም በመጨረሻ ጨከነ። ከመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ያለ ልክ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማረው። የጨከነው ያ ምሕረት ሰውየው ጋ ደርሶ ሲቆም ነው። ሮሜ 11፥22ን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳነበው የእግዚአብሔር ቸርነትና ጭከና በየተራ የሚመጡ ሁለት ጠባዮች መሆናቸው ቀረብኝ። ጭከናው የቸርነቱ ጠባቂ ነው የመሰለኝ። ለእህቴ ጉሮሮ ይቆማል። ስለ እሷም የማይጨክን አምላክ ለእኔ ቢመቸኝም ለእሷ ቸር አይሆንላትም ነበር።

ዮናስንም ያኔ ነው የተረዳሁት። ነነዌ ስትድን ተቆጥቶ «አንተ ቸርና ይቅር ባይ፣ ታጋሽም እንደሆንህ አውቄ ነበርና» ብሎ ሲያማርር ዘጸአት 34 ላይ እግዚአብሔር ለሙሴ የተናገረውን እየጠቀሰ ነው። በደለኛውን ከቶ የማያነጻ የሚለውን ግን አላነሳም። ያስቆጣው ያ መቅረቱ ነው። ለራሱ ታላቁ ዓሣ ሆድ ውስጥ የወረደለትን ምሕረት ከ120,000 ለሚበልጥ ሰው አልተመኘም።

ግን አንድ ነገር ገና ይቀረኝ ነበር። ስለ እህቴ ገባኝ። ስለ ልጄስ? ያ ሚስማር እዚያው ነበር።

ሮሜ 11፥21 ላይ እግዚአብሔር ለተፈጥሮ ቅርንጫፎቹ ካልራራላቸው ይላል። ይህ «አልራራም» የሚለው ቃል አንድ ሌላ ቦታ አንብቤዋለሁ ብዬ ፈለግኩ። ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ነው። ሮሜ 8፥32። «ለገዛ ልጁ ያልራራለት ነገር ግን ስለ ሁላችን አሳልፎ የሰጠው…» ለእኒያ አባት ደወልኩላቸው። በግሪኩም ያው አንድ ግስ ነው አሉኝ።

ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በጣም የፈራሁት ያ አለመራራት መጀመሪያ የወረደው በራሱ ልጅ ላይ ነው። በወጣትነቴ ላደረግኩት ነገር የሚከፈል ካለ እዚያ ተከፍሏል። ከእኔ ልጅ በድጋሚ የሚጠየቅ ሂሳብ የለም። ልጄ ለምን እንደሞተ ዛሬም አላውቅም። ሐኪሞቹም አላወቁም። ለቅጣት አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። ለዓመታት የፈራሁት ደግሞ ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አምላክ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጄ ለእሱ አለቀስኩለት። እስከዚያ ድረስ ስለ ልጄ ከእሱ ተደብቄ ነበር የማለቅሰው።

ሰቆቃወ ኤርምያስንም ያኔ ደፍሬ አነበብኩ። ስለ ጥፋትና ስለ ቁጣ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ቢጫ ቀለሜ የነካው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ምዕራፍ 3 ቁጥር 33 ላይ እግዚአብሔር የሰውን ልጆች ከልቡ እንደማያስጨንቅ ይናገራል። ቁጥሮቹን ቆጠርኩ። ምዕራፎቹ 22፣ 22፣ 66፣ 22፣ 22 ናቸው። ድምሩ 154። ያ ቁጥር 77ኛው ነው። በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ እኩሌታ ላይ፣ ከልቡ አይደለም የሚል ተቀምጧል። ኢሳይያስም 28፥21 ላይ ፍርዱን እንግዳ ሥራ ይለዋል። ምሕረት ግን ለእሱ እንግዳ ሥራው እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ አላገኘሁም።

ሁሉም ተፈታልኝ አልልም። የኢያሱን መጽሐፍ ሳነብ አሁንም ይከብደኛል። ስለ ፍርድም እንዲሁ። ገሃነም የሚለው ቃል በግሪኩ አዲስ ኪዳን 12 ጊዜ ይመጣል፤ 11ዱን የተናገረው ራሱ ኢየሱስ ነው። ስለዚህ ከኢየሱስ ለይቼ የምጥለው ነገር አይደለም። ጸሐፍትንና ፈሪሳውያንን ደጋግሞ «ወዮላችሁ» ባለበት በዚያው ማቴዎስ 23 ላይ ግን ዶሮ ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች እንደምትሰበስብ ልጆችሽን ልሰበስብ ወደድሁ ብሎ ስለ ኢየሩሳሌም ያዝናል። ያልገባኝን ነገር ይዤ ከዚያ ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ። ድሮ ያልገባኝን ነገር ይዤ ብቻዬን ነበር።

እናንተ ሐዘን ላይ ካላችሁና አንድ ሰው መጥቶ «ለዚህ ነው» ካላችሁ፣ ሉቃስ 13 እስከ ቁጥር 5 ድረስ አንብቡና ሰውየውን በፍቅር ተሰናበቱት። ራሳችሁን የምትመረምሩበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ሳምንት ግን አይደለም። አጽናኝ ሆናችሁ የምትሄዱም ከሆነ ምክንያት ይዛችሁ አትሂዱ። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ያቆሰላችሁና የምትዘሉት ጥቅስ ካለ ደግሞ ወደ እሱ ከመመለሳችሁ በፊት ለማን እንደተነገረ ፈልጉ። ከዚያ፣ ደፈር ብላችሁ፣ ዛሬ እኔ የትኛው ነኝ በሉ። ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ታሳምማለች። ብቻችሁን ካቃታችሁ፣ የምታምኑት፣ የማይቸኩል ሰው ፈልጋችሁ አብራችሁ አንብቡ።

እህቴ ጋ የደወልኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን እያነሳሁ አስቀምጥ ነበር። አነሳችው።

«አቤት» አለች። እትዬ አላለችኝም።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ ብድሩ አላነሳሁም። ያን ቀን በሰው ፊት ስላደረግኩት ብቻ ነው የተናገርኩት። ዝም አለች። ከዚያ ጀመረች። አንድ ሰዓት ያህል ተናገረች። ምን እንደተሰማት፣ ማን ማን በኋላ እንደደወለላት፣ ልጆቿ ምን እንደጠየቋት። አንዳንዱ ልክ አልነበረም፤ ማስረዳት እችል ነበር። አላስረዳሁም። ቃሏ ይቆርጣል። ግን እየነገረችኝ እንጂ እየዘጋችብኝ እንዳልነበረ ይሰማኝ ነበር። ስትጨርስ «ብድሩን እከፍላለሁ» አለች። ትቼዋለሁ ብላት ተቆጣች። «አይሆንም፣ እከፍላለሁ» አለች። እሺ አልኳት። አሁን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ታመጣለች። እቀበላታለሁ። ክብሯ ነው።

ወዲያው እንደ ድሮው አልሆንንም። ለወራት ስንገናኝ እንደ እንግዳ ነበር የምንነጋገረው።

ባለፈው ሰሞን ልጄን ሌሊት ትኩሳት ያዛት። ግንባሯን ዳሰስኩና ተነሳሁ። ቴርሞሜትሩን ብብቷ ውስጥ አድርጌ ጠበቅኩ። 39 ነጥብ 2 ይላል። ማስታገሻ ሰጠኋት፣ ልብሷን አቀለልኩላት። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ለእህቴ ደወልኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«መጣሁ እትዬ» አለችኝ።